ለኦቦ ዲንቃ የተላከው ካርድ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2008

አርባ ሦስት ካርድ። በእጅ! ኮምፒውተሩ ምን ሆነና? «ያንቺ የእጅ ጽሑፍ ያምራል፣ ሰውየው መከበሩ ይሰማዋል» ይለኛል ሥራ አስኪያጁ። መከበር! በዚህ የፕላስቲክ ፋብሪካ በጸሐፊነት አምስት ገና አሳልፌአለሁ፤ ካርድ የሚላክላቸውን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ለባንኩ ባለወርቅ ቀለሙ። ለትልልቅ ደንበኞች ከካላንደር ጋር። ለትንንሾቹ ያለ ካላንደር። ከአጥራችን ጀርባ ላሉት ገበሬዎች ግን አንድም ቀን ተልኮ አያውቅም። ፋብሪካው የቆመው የእነሱ ጤፍ ማሳ ላይ ነው። ዘንድሮ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የተነሳ ሰልፍ ሲወጣ፣ መንገድ ሲዘጋና ጎማ ሲቃጠል ጊዜ ሥራ አስኪያጁን ጎረቤት መሆናቸው ትዝ አለው፤ አርባ ሦስቱም ካርድ ለእነሱ ነው።

«እንዳያቃጥሉን ፈርቼ ነው» ቢለኝ ኖሮ አልናደድም ነበር።

ደግሞ ካርዱ ከአምና የተረፈ ነው። በረዶ የለበሰ ቤትና ጥድ። ሰበታ በረዶ! ውስጡ «ከመላው ቤተሰብዎ ጋር እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ» የሚል ታትሞበታል። ከሥሩ የእሱ ፊርማ፣ እሱም በቲተር። አርባ ሦስት ጊዜ መፈረም ከብዶታል፤ እኔ ግን አርባ ሦስት ጊዜ ስም ልጽፍ!

ቡራዩ እህቴ ጋ ሄጄ መንገድ ተዘግቶብኝ ሁለት ሳምንት ከርሜ መመለሴ ነው ዛሬ። እንኳን ደህና መጣሽ የለ፣ እንዴት ከረምሽ የለ። የስም ዝርዝሩን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎልኝ ሄደ።

ጥርሴን ነክሼ ጻፍኩት። ስም፣ ፖስታ፣ ማሸግ፣ ቀጣይ። ከምሳ በፊት ጨረስኩ። ጥበቃው ኦቦ ለታ በፌስታል ይዘው ሊያድሉ ሄዱ። ሥራ አስኪያጁማ እቴ፣ ከሰዓት ሱሉልታ የሚያሠራውን ቤት ሊያይ ሹልክ አለ።

ማክሰኞ፣ 26

ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?

ጠዋት ኦቦ ለታ በር ላይ አስቆሙኝ። «ለኦቦ ዲንቃም አድርሻለሁ። እንኳን ጻፍሽላቸው ልጄ፣ ያጽናናቸዋል» አሉኝ።

ከምን ነው የሚያጽናናቸው አልኳቸው። «ዋቃዮ! አልሰማሽም እንዴ?» አሉ።

ገመቹ ሞቷል። የኦቦ ዲንቃ ልጅ። ታኅሣሥ 12፣ በሰልፉ ቀን፣ በጥይት። እኔ ቡራዩ እህቴ ቤት ስልክ አልሠራ ብሎኝ ስነጫነጭ እነሱ እየቀበሩት ነበር።

ኦቦ ለታ ፖስታው የታሸገ ስለሆነ የኦቦ ዲንቃው የማጽናኛ ደብዳቤ መስሏቸው ነው ያደረሱት። ምን ያድርጉ? ለቅሶ ቤት የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ የሚልክ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? እኛኮ በዓል ሲመጣ ሐዘን ባለበት ደጅ ስናልፍ ድምፃችንን ዝቅ የምናደርግ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» አፋችን ላይ ቢመጣ የምንውጥ ሰዎች ነን። እኔ ግን በዚያ ባማረ ጽሑፌ ስማቸውን ጽፌ «ከመላው ቤተሰብዎ ጋር» የሚል ካርድ ላክሁላቸው።

ሐምሌ ላይ ገመቹ ሲመረቅ መጥሪያው ላይ ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ዲንቃ አጠገቤ ተቀምጠው ስም ይጠሩልኛል፣ ማንም እንዳይቀርባቸው ይጨነቃሉ፣ የረሱት ሰው ትዝ ሲላቸው ጭናቸውን ይመታሉ። ለውለታዬ ብለው አንድ ጆንያ ጎመን አምጥተውልኛል። ትናንት የእኚህን ሰው ስም ጻፍኩ፤ አላየሁትም። በሥራ አስኪያጁ ስለተናደድኩ የማንን ስም እንደምጽፍ እንኳ ልብ አላልኩም። ቢያንስ ስሙን ሳየው ገመቹ እንዴት ሆነ ብዬ አልጠይቅም ነበር?

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «በቃ ሌላ ላኪላቸው፣ የሐዘን። ጥቁር ጠርዝ ያለው ይሸጣል» አለኝ።

«ለምን ራስዎ አይሄዱም?» አልኩት።

«እዚያ? አሁን?» አለ፣ እንደ እብድ እያየኝ።

አልጽፍም ብዬ ወጣሁ፤ በሩንም ጓ አድርጌ ዘጋሁት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ከሥራ ስወጣ እስከ ኦቦ ዲንቃ አጥር ድረስ ሄድኩ። ውሻው ጮኸ። ተመለስኩ። ሥራ አስኪያጁን ፈሪ እላለሁ፣ እኔስ?

ረቡዕ፣ 27

ካርዶቹን መለሷቸው።

ጠዋት ስንመጣ የፋብሪካው እሾሃማ ሽቦ ላይ ተሰክተዋል። ድንጋይ አልተወረወረም፣ የተቃጠለ ነገር የለም። ፖስታዎቹ ተከፍተው፣ ካርዶቹ ወጥተው፣ በረዶ የለበሰው ቤት ከበሩ እስከ ጥጉ ተደርድሯል። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። የማን ጽሑፍ እንደሆነ የማያውቅ የለም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሥራ አስኪያጁ ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «የፋብሪካው ባለቤት ሳይመጣ ቶሎ ይነሳ!» ብሎ ጮኸ። በኋላ ቢሮ አንዱን ካርድ አገላብጦ አየና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ካርዱ ደህና ነው። ፖስታ ብቻ ቀይረን ለከርሞ...» አላስጨረስኩትም። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም፤ እናቴ ብትሰማ ታፍርብኝ ነበር። እሱም የዋዛ አይደለም፦ «ዓርብ ጠዋት የሐዘኑ ካርድ ተጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ ይጠብቀኝ። ካልሆነ አንቺም እንዳትመጪ።»

ከሽቦው ላይ የለቀምናቸው እኔና ኦቦ ለታ ነን። ስሙን አነባለሁ፣ እሳቸው ይነግሩኛል። የእኚህ ልጅ ታስሯል። እኚህ ዓይናቸውን ታመዋል። የእኚህ በሬ ተሰርቋል። ይኸው በሦስተኛው ቀን ገና አሁን ማንበቤ ነው።

አርባ ሁለት ሆኑ። ደግመን ቆጠርን፣ አርባ ሁለት። የኦቦ ዲንቃ የለም። ቀደውት ይሆን? ወይስ እናትየው አይተውት... እሱን ማሰብ አልፈልግም።

ነገ እሄዳለሁ። ውሻው ቢነክሰኝም።

ሐሙስ፣ 28፣ ገና

ሄድኩ።

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነው የሄድኩት። ደጃቸው ስደርስ ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። መንገድ ላይ ሁሉም እንኳን አደረሰሽ ሲለኝ ስመልስ ነበር፤ እነሱ ቤት ስገባ ግን ቃሉን ዋጥኩት። ፍራሹ አሁንም መሬት ላይ ነው። የገመቹ የምርቃት ፎቶ ግድግዳው ላይ አለ። ዶሮ የለም፣ ቄጠማ የለም። እናቱ አዴ ጫልቱ ሳሙኝና ሳላስበው አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም።

ኦቦ ዲንቃ ከትራሳቸው ሥር ካርዱን አወጡ።

«ሌሎቹ ለፋብሪካው መለሱ» አሉ። «እኔ ጽሑፉን ሳየው አወቅሁት። ለጻፈው ሰው ነው የምመልሰው ብዬ አስቀመጥኩት።»

«አላወቅሁም ነበር ኦቦ ዲንቃ። ቡራዩ ነበርኩ።»

«አለማወቅሽን ለታ ነግሮኛል። ስሜን ስትጽፊ ምን እያሰብሽ ነበር?»

መዋሸት አልቻልኩም። «ተናድጄ ነበር» አልኳቸው።

«በእኔ?»

«ኧረ በሥራ አስኪያጁ!»

ፖስታውን ወደኔ አዙረው በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «የሱ ስም እዚህ ላይ የለም፣ ውባለም። የተጻፈው የኔ ነው።»

ቁጣቸው ድምፃቸው ላይ አልነበረም፤ ጣታቸው ላይ ነበር። ካርዱን ተቀብዬ ልወጣ ስነሳ አዴ ጫልቱ «ታኢ» አሉኝ፣ ተቀመጪ። ተቀመጥኩ። የተቀቀለ ባቄላ አቀረቡ። ሰው እየገባ፣ እየተቀመጠ፣ እየወጣ፣ ቀኑን እዚያው ዋልኩ። አንድም ሰው እንኳን አደረሳችሁ አላለም። ስለ ገመቹ አወሩ፤ አንዴ የምርቃቱ መጥሪያ በጊዜ አልደርስ ብሎት እንዴት በእግሩ እየዞረ እንዳደለ ሲያነሱ ሳቅንም።

ስወጣ ኦቦ ዲንቃ እስከ አጥሩ ሸኙኝ።

«አርባው ጥር 21፣ ቅዳሜ ነው» አሉ። «መጥሪያ አንጽፍም፣ በአፋችን ነው የምንጠራው። አንቺንም ጠርተንሻል።»

ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ጥቁር ጠርዝ ያለውን አልጻፍኩም፣ አልጽፍምም። ነገ ሰውየው ያባርረኝ እንደሆን አላውቅም። ካባረረኝ የቤት ኪራዩን ከምን እንደምከፍል እንጃ። ጥር 21 ግን ተጠርቻለሁ።