ረቡዕ ዕለት ሳይበላ ስለ ተመለሰው ፈረሰኛ

ለተከበሩ አቶ በፍቃዱ
የዶሮ መኖ ባለሙያ

ጤናዎን፣ ከጤናዎም ይልቅ የምግብ ፍላጎትዎን አምላክ አብዝቶ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ እኔ ከመካነ ሰላም ወረድ ብሎ የምገኘው ገበሬ ቢተው ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። ዘንድሮ በማታ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁ ስሆን፣ «እስከ መጨረሻው የተማረው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው» የሚሉት ቅናተኞች ናቸው። ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩትም ወረፋ የሚጠብቀው ጀማ ሁሉ የእጅ ጽሑፌን እያደነቀ እንዲያነበው ብዬ ነው።

አስቀድሜ ላመስግን። በዐቢይ ጾም መካከል ያንን የእንጨት ሳጥን ተሸክመው መጥተው፣ የጥቁር ዝንብ ትል አርብተን ለዶሮ ብናበላ እንቁላሉ እንደሚበረክት ስላስተማሩን፣ ደግሞም «ትል አይባልም፣ እጭ ይባላል፤ ፕሮቲን ነው» ብለው ስላረሙን ውለታዎ አለብን። ባለቤቴ የሻለም ነገሩን ስትሰማ አፍንጫዋን ይዛ ነበር። የሰጡንን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አንብቤ ያሳመንኳት እኔ ነኝ። እንግዲህ የእርስዎ ትምህርትና የእኔ ትምህርት አንድ ሳጥን ውስጥ ገቡ ማለት ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ቅሬታዎች የማቀርበውም ስለዚሁ ነው።

፩ኛ) እጩ ሙቀት ይወዳል ብለዋል። በእኛ ደጋ ሙቀት ያለው ምድጃው ዳር ብቻ ስለሆነ፣ ሳጥኑ የእኔን ቦታ ወርሶ እኔ በሩ ሥር ከብርድ ጋር ተዛመድኩ። አተላውም የጎመን ልጣጩም ለእሱ ሆነ። ሰው ቤት ገብቶ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ባለ ቁጥር «ፕሮቲን» እያልኩ በትህትና አስረዳለሁ።

፪ኛ) ዶሮዎቹ ተሞላቀቁ። ድሮ ሲጭሩ የሚውሉት ዛሬ እንደ ሹም ልጅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ቁርሳቸውን ይጠብቃሉ። የዘገየሁ እንደሆነ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ይሁን እንጂ ላባቸው አማረ፣ እንቁላሉም በረከተ፤ እዚህ ላይ ዋሹን አልልም።

፫ኛ) ዋናው ቅሬታዬ ይህ ነው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሥራችንን ሊጎበኙ አንድ ረቡዕ ከተፍ አሉ። የሻለም እጩን በልታ የወፈረችውን ቀይ ዶሮ ሠርታ ጎረቤቱን ጠራች። እንደ ደንቡ ለአባወራው የሚገባውን ፈረሰኛ፣ ትዳር ከመሠረትኩ ጀምሮ ለማንም አሳልፌ ያልሰጠሁትን ብልት፣ ለእርስዎ ክብር ስል በገዛ እጄ ከፊትዎ አኖርኩት። እርስዎም ዓይተውት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሽተው፣ «ይቅርታ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ጾመኛ ነኝ» አሉ።

አቶ በፍቃዱ ሆይ፣ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕም ሆነ ዓርብ እንደማይጾም በእኛ አገር የሚጠባ ሕፃንም ያውቀዋል። ከጎንዎ የተቀመጡት የንስሐ አባታችን አባ ንጉሡ ይህን ሲሰሙ ታፋው በእጃቸው፣ ግማሹም በአፋቸው ነበርና ለረጅም ጊዜ ሊውጡትም ሊተፉትም አልቻሉም። ፈረሰኛውም ወደ እኔ ተመለሰ፤ በልቼዋለሁ፣ ደግሞም ይጣፍጣል።

ወሬው ግን ከእርስዎ ሞተር ሳይክል ቀድሞ ገበያ ገባ። ቅዳሜ የሻለም እንቁላሏን ዘርግታ ብትቀመጥ ሴቶቹ እያለፉ «ይኼ ባለሙያው ራሱ የተጸየፈው አይደለም እንዴ?» ይሏታል። የገዛችልን ጎረቤታችን ሀሊማ ብቻ ናት። እሷም ገበያው መካከል ቆማ «ወላሂ እናንተ ሰዎች፣ ዶሮ ከተፈጠረች ጀምሮ ቆሻሻ ላይ የምትጭረው ሽምብራ ፍለጋ መስሏችሁ ነው?» አለቻቸው። ሳቁ፤ ግን አልገዙም። የሻለምም ሙሉ ቅርጫቷን ይዛ ተመልሳ «ከማታ ትምህርት ያመጣህልኝ ይኼ ነው?» አለችኝ። በሚመጣው ቅዳሜ ካልተሸጠላት ሳጥኑን ገደል ልትሰደው፣ ዶሮዎቿንም አንድም ሳታስቀር ልትሸጥ ቆርጣለች። የሻለም ቆረጥኩ ካለች ቆረጠች ነው፤ ያገባኋት እኔ ስለሆንኩ ይመኑኝ።

ስለዚህ ልመናዬ ቀላል ነው። የፊታችን እሑድ ጰራቅሊጦስ ስለሆነ ይኸው ቅዳሜ የመጨረሻው የፍስክ ገበያ ነው። እባክዎ ይምጡና ከየሻለም ቅርጫት አጠገብ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እያየዎት፣ አንድ ቅቅል እንቁላል በራስዎ እጅ ልጠው ይብሉ። ንግግር አያስፈልግም። ፕሮቲን የሚለውንም ቃል እኔ እለዋለሁ። ጨውና ሚጥሚጣውን ሀሊማ ታመጣለች፤ አባ ንጉሡም ቀኑ ጾም አለመሆኑን ለመመስከር በፈቃዳቸው ይገኛሉ።

የትምህርትዎ አክባሪ፣ የምድጃ ዳር ስደተኛ፣ በገዛ እጁ የሚፈርም እንጂ አውራ ጣቱን ቀለም የማይነክር፣
ቢተው

ከፊርማው በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ቅዳሜ የማይመችዎ ከሆነ አይጨነቁ፤ ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባልና ከዚያ ወዲያ ጾመኛ ነኝ ቢሉ ማንም አይስቅብዎትም። ዶሮዎቹ ብቻ አይጾሙም። ሳጥኑ ገደል እስኪገባ ድረስ ትምህርትዎን ሳይጠራጠሩ እየበሉ ይቆያሉ፤ በአገሩ ሁሉ ያመኑዎት እነሱ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ ግን እሰጋለሁ።