በማሊያው ጀርባ ያለው ስም

ረቡዕ፣ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.
ካልጋሪ

ኪራኮስ ነገ ማታ ይጫወታል።

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጥምቀቱ እንዴት አለፈላችሁ? ጉልበትሽን የሚያቃጥልሽስ ተሻለሽ ወይ? ምሥራች ደህና ናት? ስለ ምሥራች የምጠይቅሽ እንደ ሌላው ጊዜ ለወግ አይደለም፤ እመለስበታለሁ። እኛ ደህና ነን። ገረመው ጤናው ነው። እኔም እሠራለሁ፣ እበላለሁ። እንቅልፍ ካጣሁ ግን ዛሬ ዘጠኝ ቀኔ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክሽ ሁልጊዜ ምሥራች እጅ ላይ ስለሆነ ነው። ይህን ወይዘሮ ፈትለወርቅ ቅዳሜ ሲበሩ ይዘውልሽ ይመጣሉ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

የምጽፍልሽ ፎረስት ሎን ሰፈር፣ ሩቤን ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ሩቤን ከቺሊ የመጣ ሽማግሌ ነው፤ ኪራኮስ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ስኬቱን የሚሞርድለት እሱ ነው። ስኬት ያው ከሥሩ ምላጭ ያለው የበረዶ ጫማ ነው፣ ፎቶውን አይተሻል። ቡድኑ የራሱ ሞራጅ አለው። ኪራኮስ ግን ወደ ላይኛው ሊግ በተጠራ ቁጥር፣ የመጀመሪያውን ቀን ሩቤን ያልሞረደውን አያጠልቅም። ገረመው ክታቡ ነው እያለ ይስቅበታል። ላኪው ኪራኮስ፣ ተላኪዋ እኔ ነኝ። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ይዤለት ቤት መግባት አለብኝ። እሱ ፓይንሪጅ፣ እኛ ቤት፣ በልጅነት አልጋው ላይ ተኝቷል። እግሩ ከአልጋው ያልፋል።

ትናንት ጠዋት ከዜሮ በታች ሃያ አራት ነበር። ዛሬ ሞቃቱ ነፋስ ከተራራው ወርዶ ጣሪያው ሁሉ ያንጠባጥባል። እንዲህ ሲሆን ራሴን ያመኛል። ሁለት ጊዜ ተነስቼ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ሩቤን መቀመጫው ይቆረቁርሻል እንዴ አለኝ። አዎ አልኩት።

ልጁ ምን እንደሚሠራ ለጎረቤቶችሽ ማስረዳት አቃተኝ ስትዪኝ፣ በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ገና ነው በያቸው ብዬሽ ነበር። ከዚያ ብዙ አይርቅም። ዱላ አለው፣ ሩጫ አለው፣ መጋጨት አለው። እሱ አጥቂ ነው፣ በግራ ክንፍ። አጥቂ ስልሽ ግን ጎል አግቢ እንዳይመስልሽ። ጎል የሚያገቡ ሌሎች አሉ። የሱ ሥራ ሰውየውን ጥግ ድረስ አሳድዶ መግጨት፣ ጥቁሯን ጎማ ነጥቆ ለሌላ ማቀበል፣ ተመልሶ መቀመጥ ነው። አርባ አምስት ሰከንድ ይሮጣል፣ ሁለት ደቂቃ ያርፋል። ይህን ሺፍት ይሉታል። ገረመው ታክሲ በሚነዳበት ዘመን፣ ያንተ ሺፍት አርባ አምስት ሰከንድ፣ የኔ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ና እንቀያየር ይለው ነበር።

በስምንት ዓመት ውስጥ ላይኛው ሊግ የተጫወተው አርባ አንድ ጊዜ ነው። ሦስት ጎል አለው። አንዱን ስልክልሽ ጎማዋን አላየኋትም፣ ሲተቃቀፉ ነው ያወቅሁት አልሽኝ። የቀረውን ዘመን ታችኛው ሊግ ውስጥ፣ አውቶቡስ ላይ ነው የጨረሰው። ሁለት ጥርሱ የለም። ትከሻው ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ኮንትራቱ ሰኔ ላይ ያልቃል። ትናንት በላይኛው ቡድን አንድ የግራ ክንፍ እጁ ተሰበረና እሱን ጠሩት። ከዚህ በኋላ የሚከፈት በር እንደሌለ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ልምምድ ላይ ሺፍቱን ጨርሶ ተቀመጠና ወደ ጎን ወደቀ። ደቂቃ ሳይሞላው ተነሳ። ቁርስ ስላልበላሁ ነው አላቸው። እነሱ ግን አላመኑትም፣ ለልብ ሐኪም ሰጡት። ስንት ማሽን ላይ እንዳስተኙት አልነግርሽም። በመጨረሻ ሐኪሙ ወላጆቹም ይምጡ አለ። ሄድን፣ እኔና ገረመው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። በሥዕል እያሳየ አስረዳን። የልጁ የልብ ግድግዳ ወፍሯል። ይህ ከሁለት ነገር ሊመጣ ይችላል። አንደኛው ከልጅነት ጀምሮ እንዲህ ሲሮጥ የኖረ ሰው ልብ እንደ ማንኛውም ጡንቻ ይደድራል፣ ችግር የለውም። ሁለተኛው በዘር የሚወርድ በሽታ ነው፤ ሳይታወቅ ኖሮ ሩጫ ላይ ልብን ቀጥ ያደርጋል። ማሽኑ ሁለቱን አልለየለትም። የደም ምርመራው ውጤት ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ጠየቀን። በአባቱም በእናቱም ወገን፣ ሳይታመም በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው አለ ወይ? ካለ ከዛሬ ጀምሮ በረዶ አያስረግጠውም። ከሌለ ግን ይጫወታል።

ገረመው ኮራ ብሎ መለሰ። አባቱ በዘጠና አንድ ዓመታቸው እንደሞቱ፣ አጎቱ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው አሁንም እርሻቸውን ወርደው እንደሚያዩ ነገረው። ኪራኮስ ሳቀበት። ዳዲ በሕይወቱ አንዴ ነው የሮጠው፣ እሱም ባስ ሊያመልጠው ሲል አለ። ከዚያ ደረቱን መታ መታ አደረገና፣

«ልቤ የዳዲ ነው፤ ይሄ ልብ አያረጅም» አለ።

ሐኪሙም ሳቀ። ሳቀና ጻፈ።

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። በእናቱ በኩልስ? የለም አልኩት። ይህ እውነት ነው። ያንቺና የኔ ዘር አንድ ነው፣ ከኛ ቤት እንዲህ የሞተ የለም። አንድ ቃል አልዋሸሁም። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

ባልሽን መርዕድን ግን አስታወስኩት። እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ነው ያስታወስኩት። ከታች ሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት፣ ማንም ሳይነካው በግንባሩ የተደፋው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። አንቺ ምሥራችን ታጠቢ ነበር። ምች ነው ተባለ። ዳማከሴ አሹበት፣ ሲያሹት ሞቶ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ዘነበስ? ከሱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በሃያ ሰባት ዓመቱ፣ ጤፍ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ። እሱንም ምች መታው አልን። በአንድ ቤት ሁለት ወንድማማች፣ ሁለቱም በሥራና በሩጫ ላይ፣ ሁለቱም ምች። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እሺ ብሎ ተቀበለ። እኔም ተቀበልኩ።

ባለፈው ነሐሴ ደግሞ፣ ምሥራች ታክሲ ልትይዝ ስትሮጥ ወደቀች ብለሽኝ ነበር። የፍልሰታ ጾም ነው አልሽኝ። እሺ አልኩሽ።

ከሐኪሙ ወጥተን መኪና ውስጥ ገባን። ኪራኮስ በራሱ መኪና ቀድሞን ሄዷል። ገረመው ቁልፉን ሰካና አላስነሳም።

«ረስቼው ነበር» አለኝ። «እግዜር ያየኛል ሠናይት፣ የመርዕድ ልጅ መሆኑን ረስቼው ነበር። ሲጠይቀኝ ስለ አባቴ ነው የመለስኩት።»

አልተቆጣሁትም። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገው እሱ ነው። አንቺ ባትኖሪ እኔም እረሳው ነበር። በማሊያው ጀርባ የተጻፈው የሱ ስም ነው፤ እዚህ አገር በአባት ስም ነው የሚጠሩት። ቴሌቪዥን ላይ የሚያወራው ሰውዬ «ጌሬምዩ» ባለ ቁጥር ገረመው ብድግ ይላል። ቤተክርስቲያን ስንገባ ሰው ስምህን አስጠራኸው እያለ ይጨብጠዋል። የልደት ወረቀቱ በገረመው ስም በቀበሌ ሲጻፍ ዘዴ ነበር። አንቺ በሁለት ልጅ ላይ ባል የሞተብሽ፣ እኛ አንድም ያልወለድን፣ ገረመው ቀድሞኝ እዚህ ገብቶ ሚስትና ልጅ ማስመጣት የሚፈቀድለት። አንድ ስም መለወጥ ነበር። ከዚያ ስሙ በሽያጭ ማሊያ ላይ ሁሉ ወጣ፣ ሰው ገዝቶ ለበሰው።

ገረመው እንመለስና ለሐኪሙ እንንገረው አለኝ። እጁ የመኪናው በር ላይ ነበር።

ቆይ ያልኩት እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ሰበብ አደረግሁ። ዜግነታችንን ይነጥቁናል፣ እሱንም ይነኩታል፣ በስተርጅና የት እንገባለን አልኩት። ሃያ አራት ዓመት ያለፈው ነገር ነው አለኝ። አልሰማሁትም። የደም ምርመራው እስኪመጣ አልኩ። ኮንትራቱ እስኪፈረም አልኩ። እሱ በኔ ነገር እንደማይጨክን ታውቂዋለሽ፤ መኪናውን አስነሳ። ሰኞ ዕለት ሐኪሙ ይጫወት ብሎ ጻፈለት። ማክሰኞ ጠሩት።

ስለ ወረቀቱ ያልኩትን አንቺ እንድታምኚኝ አልለምንሽም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሳስካችዋን ውስጥ ላለች ትንሽ ከተማ ቡድን ሲወስዱት፣ ከማናውቃቸው ሰዎች ቤት ነው ያስቀመጡት። ልማዳቸው ነው፤ ተጫዋቹን ልጅ አንድ ቤተሰብ ተቀብሎ ያኖረዋል። በሁለተኛው ወር ሄጄ ሳየው ፎቶውን ፍሪጃቸው ላይ ለጥፈውታል። ሴትዮዋ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደማይወድ ትነግረኛለች። ለኔ! በስልክ ከጓደኛው ጋር ሲያወራ ማሚዬ ሲላት ሰማሁ፣ ሴትዮዋን። መኪና ውስጥ ገብቼ አምስት ሰዓት ሙሉ ነዳሁ። ያን ቀን አንቺን አሰብኩሽ። በወር አንዴ ስልክ ላይ አክስቴ እንዴት ነሽ ሲልሽ ምን እንደምትሆኚ አሰብኩ። ልደውልልሽ ቁጥርሽን አውጥቼ መልሼ ዘጋሁት።

ቦሌ ላይ ያስማልሽኝን አልረሳሁም። «እናት ሁለት አይሁንበት። እኔን አክስቴ ይበለኝ።» አንቺ ያልሽው ለሱ ብለሽ ነው። እኔ የጠበቅሁት ግን ለሱ ብዬ ብቻ አይደለም።

ቆይ፣ ሩቤን እየጠራኝ ነው።

ተመለስኩ። ስኬቱን ገልብጦ አሳየኝ። የግራው ጫማ ላይ፣ ምላጩን ከሶሉ ጋር ከያዙት ሚስማሮች አንዷ ተሰንጥቃለች። መነጽሬን ካላደረግሁ አትታየኝም። ሌላ አንድ ሰዓት ስጪኝ አለኝ። ልጁ ይጠብቃል፣ ሞርደህ ስጠኝና የቡድኑ ሰዎች ያያሉ አልኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኮስተር ብሎ አይቼው አላውቅም። ጫማውን ወደ ራሱ ሳበው።

«እያወቅሁ አልሰጥሽም» አለኝ። «ሳላውቅ ቢሆን አንድ ነገር ነው። አይቼዋለሁ እኮ።»

ስለ አንዲት ሚስማር። ያውም ያልወለደው፣ ያላሳደገው።

መቀመጫዬ ላይ ተመልሼ ያልኩሽን ሁሉ ከላይ ጀምሮ አነበብኩት። እንቅልፍ አጣሁ ከማለት በቀር ምንም የማይል መሰለኝ። ካፖርቴን ለብሻለሁ፣ የቀረውን ቆሜ ነው የምጽፍልሽ።

ምሥራችን ልብ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ነገ ዛሬ አትበዪ። አባቷና አጎቷ እንዴት እንደሞቱ ንገሪያቸው፤ ምች አትበዪ፣ ያየሽውን እንዳየሽው ተናገሪ። እስኪያዩዋት ድረስ አትሩጥ፣ ሸክም አትሸከም።

ፍቀጂልኝ ብዬ አልጠይቅሽም። ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ነገ አልፏል። እሱ ራሱ ይደውልልሽ ይሆናል። አንሺለት። ምን ብሎ እንደሚጠራሽ አላውቅም። እኔንም ከዛሬ ወዲያ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ኮንትራቱንም፣ ጨዋታውንም፣ ስሙንም በአንድ ቀን ነው የምወስድበት፤ ቢጮህብኝ እውነት አለው። የመርዕድን ስም ግን ዛሬ ይሰማል።

ሩቤን ወዴት ነው፣ ስኬቱስ አለኝ። ይቆይ አልኩት። መኪናዬን ከኋላ ነው ፓርክ ያደረግሁት፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይወስድብኛል። ሳይነቃ እደርሳለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ምሥራችን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ኪራኮስንም ያትርፍልሽ።

የልጅሽ አክስት