መቀስ የፈራው ልብስ ሰፊና የጓሮው እንጉዳይ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ፦ ዛሬም ማለዳ በጓሮው ክፍል፣ በላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ የጆሮ ያህል ስፋት ያለው አንድ እንጉዳይ ብቅ ማለቱን በታላቅ ክብር አስታውቃለሁ። ቀጥሎ ያለው ወሬ የእኔ መሞት ነው፤ አዲስ ነገር የለውም።

እኔ አናጺው፣ ማክሰኞ ኅዳር ፲፪ ቀን፣ አልጋዬ ላይ ተደግፌ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ኑዛዜ አስጽፌአለሁ። አእምሮዬ ጤነኛ ነው። ጉበቴን ግን ካንሰር ይዞታል፤ ሐኪሞቹም ከማስታገሻ በቀር የምንሰጥህ የለም ብለውኛል።

ቤቱ፣ ከሁለት ክፍሎች በቀር፣ ለሴት ልጄ ይሁን። ባሏ ሞቶ ወደ እኔ ስትመለስ "ሸክም ሆንኩብህ" ብላኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሸከመችው እሷ ናት።

የጓሮው ክፍል ከነመደርደሪያው፣ እንጉዳይ ከሚበቅልበት የሰጋቱራ ከረጢት ጋር፣ የእሷ ልጅ ለሆነችው ለላቦራቶሪ ሠራተኛዋ ይሁን። ይህች የልጅ ልጄ ከእንጉዳዩ የምታወጣው ንጥረ ነገር በብርጭቆ ሳህን ላይ ያሉ የካንሰር ሕዋሳትን ሲገድል አይታለች። "እንግዲያ ዳንሁ በይኛ" ብላት፣ "አባባ፣ ሳህን ላይ የሞተ ሁሉ ሰው ውስጥ አይሞትም። ከሞከርንባቸው አይጦችም የረዳው ከፊሎቹን ነው፤ ገና ነው" አለችኝ። አይጥ ሆኜ አለመፈጠሬ የቆጨኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ክፍሉ አይሸጥ፤ "ገና ነው" ያለችውን ትጨርስበት።

የመንገድ ዳሩ ክፍል ለልብስ ሰፊው ልጄ ይሁን፤ የስፌት መኪናውን ያቁምበት። በየማለዳው ከዚያው እንጉዳይ ቀቅሎ አጠጥቶኛል፤ ሕመሜም ቀለል ብሎኛል፤ ይመረቅ።

እዚህ ላይ ልጄ አቋረጠኝ። ይኸም ይጻፍ።

"ሰማችሁ አይደል? ቀለል ብሎኛል አለ። እኔም ከዚሁ እጠጣለሁ እንጂ ቢላ ሥር አልተኛም።"

አንጀቱ ላይ ዕጢ ተገኝቶበታል። ገና ትንሽ ነው፣ አሁን ከወጣ ትድናለህ ተብሎ ለሐሙስ ተቀጥሯል።

"ዕድሜህን ሙሉ የሰው ጨርቅ ስትቀድ ኖረህ መቀስ ፈራህ?" አልሁት።

"ጨርቅ አያመውም፣ አባዬ።"

ምስክሮቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ምስክሮች፦ ጎረቤቴ ጫማ ጠጋኙ፣ ጡረተኛው ፖስተኛ፣ ማታ ማታ እየመጣች መርፌ የምትወጋኝ ነርስ። ጸሐፊ፦ የሰፈሩ መምህር። ሁሉም ፈርመዋል። የእኔ ፊርማ የዶሮ ጭረት ቢመስልም የእኔው ነው።

ከፊርማዎቹ በታች የተጨመረ፦

መምህሩ ሁሉን አነበበልኝ፤ ሌላው እንዳለ ይጽና። ልጄ፣ ሕመሜ አንድም ማለዳ ቀለል ብሎኝ አያውቅም። የሚያስተኛኝ የነርሷ መርፌ ነው። ኩባያውን ይዘህ "ቀለል አለህ?" እያልህ ስትቆም፣ ፊትህን አይቼ እንዴት አልቀለለኝም ልበል? ሐሙስ ከእህትህ ጋር ሂድ። ከተጻፈው ሁሉ የፈጠርሁት ያን አንድ ነገር ነው።