የሳልስትራዎች ረድፍ፦ የአቶ ሩርድ ሳልስትራ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሩርድ ሳልስትራ ከአባታቸው ከአቶ ሂደ ሳልስትራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሾውክየ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 1938 በፍሪስላንድ፣ ሳልዊር በምትባለው በዚችው መንደር ተወለዱ። የተወለዱበት ቤትና ዛሬ አስከሬናቸው የወጣበት ቤት አንድ ነው። በዕድሜያቸው ሁሉ አልጋ ቀየሩ እንጂ ጣሪያ አልቀየሩም።

ስለ ሟች ጥሩ ጥሩውን ብቻ መናገር የተለመደ ነው። ልጃቸው ሪክስት ግን ይህን ጽሑፍ ለምታዘጋጀው ለአክስቷ ልጅ፣ "ሁሉንም ጻፊው። አባዬን ካሳመርሽው ሕዝቡ ሌላ ሰው የምንቀብር ይመስለዋል" ብላታለች። ስለዚህ የሚነበበው እንደሆነው ነው።

የአቶ ሩርድን ሕይወት ለመናገር ከስማቸው መነሳት ግድ ነው። እሳቸውም ራሳቸውን ለእንግዳ ሲያስተዋውቁ፣ እጅ ጨብጠው ሳይለቁ ወደ 1811 ነበር የሚወስዱት። ከዚያ ዓመት በፊት የእኛ ገበሬ የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ብቻ ነበር። ፈረንሳዮች አገሩን ሲይዙ ግን ማንኛውም ሰው ለልጅ ልጆቹ የሚያወርሰው የቤተሰብ ስም ይዞ ይቅረብ የሚል አዋጅ ወጣ። በሳልዊር ጉብታ ላይ ያን ጊዜ ሦስት ቤተሰብ ይኖር ነበር፤ አንደኛው የአቶ ሩርድ ዘር የሚቆጠርበት ባለ ላሞቹ ገበሬ፣ ሁለተኛው የቀን ሠራተኛ፣ ሦስተኛው አናጢ። በደም አይገናኙም። ሦስቱም በአንድ ጀልባ ሄደው፣ ሦስቱም "የሳልዊር ሰው" ለማለት ሳልስትራ ተብለው ተመለሱ። ሹሙ፣ "አንዳችሁ እንኳ ሌላ ነገር አይመጣላችሁም?" ቢላቸው፣ "የምንኖረው እዚያው ነው፤ ታዲያ ምን እንበል?" አሉት ይባላል።

ጉብታው ባሕሩ እንደ ልቡ በሚገባበት ዘመን ሰውና ከብት እንዲተርፍበት የጥንት ሰዎች የከመሩት አፈር ነው። የባሕሩ ግድብ ከተሠራ በኋላ አፈሩ ለአሸዋማ መሬት ማዳበሪያነት ተፈላጊ ሆነ። የአቶ ሩርድ አያት ጉብታውን እያስቆፈሩ፣ በጀልባ እየጫኑ ሸጡት። የቀረው ቤተ ክርስቲያኑና መቃብሩ ያረፉበት ብቻ ነው፤ ሙታንን መሸጥ አልተቻለማ። ያ የቀረው ጉብታ በአንድ በኩል እንደ ተቆረሰ ዳቦ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የሳልስትራዎች መቃብር በዚያ አፋፍ ላይ በአንድ ረድፍ ይገኛል።

አቶ ሩርድ በመንደሩ ትምህርት ቤት ተምረው አስተማሪ የመሆን ሐሳብ ነበራቸው። ነገር ግን ታላቅ ወንድማቸው ዋትሰ በ1953 "እኔ እዚህ ጭቃ ውስጥ አልሞትም" ብለው ወደ ካናዳ ሲሻገሩ ላሞቹ በእሳቸው ላይ ወደቁ። ገና አሥራ አምስት ዓመታቸው ነበር። አባታቸው ወደቡ ላይ ቆመው ለዋትሰ፣ "አንተ ስሙን ይዘህ ሂድ" ካሉ በኋላ ወደ ሩርድ ዞረው፣ "አንተ ደግሞ ስሙን ይዘህ ቅር" አሏቸው። አቶ ሩርድ ያችን ቃል እስከ ዕለተ ሞታቸው ተሸክመዋል። ያኔ "አልፈልግም" ማለት የሚቻል ነገር መሆኑን እንኳ አያውቁም ነበር።

በ1963፣ ባሕሩ ሳይቀር በረዶ በሆነበት ብርድ፣ ከወይዘሮ ባውክየ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1965 ሪክስትን ወለዱ። ከእሷ በኋላ ወይዘሮ ባውክየ ሁለት ጊዜ ፅንስ ወረደባቸውና ሐኪሙ "ይበቃል" አላቸው። በካናዳ ዋትሰ የወለዱት ሴቶችን ብቻ ነበር፤ እነሱም ሲያገቡ የባሎቻቸውን ስም ያዙ። የአገሩ ደንብ ልጅን በአባቱ የቤተሰብ ስም ነበርና የሚጠራው፣ አቶ ሩርድ ስሙ በእሳቸው እንደሚያበቃ ሒሳቡን ከማንም በፊት ሠርተው ጨርሰውታል።

በወተት ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ ሰቅለው ነበር። ሳልስትራ የሚባል ሰው በሚኖርበት ቦታ ሁሉ ስፒል ይሰካሉ። ሚሺጋን የሰፈሩት የቀን ሠራተኛው ዘሮች ሰማያዊ፣ በሊዋርደንና በሆላንድ ከተሞች የተበተኑት የአናጢው ዘሮች ቢጫ፣ የራሳቸው ዘር ደግሞ ቀይ። ሰማያዊው እንደ ጉንዳን ሚሺጋንን ወረሰው። ቀዩ ግን ከአንዱ ቀብር ወደ ሌላው እየተነቀለ መጥቶ በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረ፤ እሱም የተሰካው በገዛ ቤታቸው ላይ ነበር።

በጋ በመጣ ቁጥር የስሙን መነሻ ለማየት ሰው ከባሕር ማዶ ይመጣል። አንድ ጊዜ ከሚሺጋን የመጣ ግዙፍ ሰው ሜዳው መካከል ቆሞ፣ "ጉብታው የታለ?" አላቸው።

"የቆምክበት ነው።"

"ይሄማ ሜዳ ነው!"

"አዎ፣ ሜዳ ነው።"

"ታዲያ ማን ወሰደው?"

"አያቴ። ገዢ መጣለት፣ ሸጠው።"

ሰውየው የሚስቁ መስሎት አያቸው፤ አቶ ሩርድ አልሳቁም። ቀልድ የሚመስል ነገር ሲናገሩ ከልባቸው የሚናገሩ ሰው ነበሩ።

በ1998 ሕጉ ተሻሽሎ ልጅ በእናቱ የቤተሰብ ስም መጠራት ይችላል ተባለ። በዚያው ዓመት ሪክስት ነፍሰ ጡር ሆነች። ባለቤቷ አቶ ቴከ ኦፒንጋ አባቱን አቶ ሎልከን፣ የጭነት ጀልባ ነጂውን፣ ከቀበረ ወራት ቢሆነው ነው። አቶ ሩርድ በእሁድ ምሳ ላይ፣ ሾርባው ገና ሳይቀዳ ነገሩን አነሱት።

"ልጁ ሳልስትራ ይባል። ሕጉ ፈቅዷል።"

"የአባቴ አፈር ገና አልደረቀም እኮ" አለ ቴከ። "የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ይሰየማል። ወንድምዎም ዋትሰ የተባሉት በአያትዎ ነው።"

"ሎልከ በሉት፣ ማን ከለከላችሁ? እኔ የምለው የቤተሰቡን ስም ነው።"

"ሎልከ ሳልስትራ? አባቴ ይህን ቢሰማ ከመቃብሩ ተነስቶ ወደ ጀልባው ይመለሳል።"

"ኦፒንጋ እንደሆነ ሞልቷል፤ በየጀልባው ላይ አንድ ኦፒንጋ አለ።"

"ሳልስትራም ሚሺጋን ሞልቷል ይላል ካርታዎ።"

"እነዚያ የቀን ሠራተኛው ልጆች ናቸው!"

ሪክስት ጭልፋውን አስቀመጠች። "አባዬ፣ ይሄ ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ ነው፤ ስፒል አይደለም።"

ልጁ በጁን 1999 ተወለደ። ሎልከ ኦፒንጋ ተባለ። አራሷን ለመጠየቅ ወይዘሮ ባውክየ ስኳር የተጋገረበት ዳቦ በብስክሌታቸው አስረው ብቻቸውን ሄዱ። አቶ ሩርድ "ላም ልትወልድ ነው" ብለው ቀሩ። በዚያ ሳምንት በሳልዊር የወለደች ላም አልነበረችም፤ ይህንንም መንደሩ በሙሉ ያውቃል።

ልጁ ግን ቂም የሚባል ነገር አልገባውም። በእግሩ እንደቆመ አያቱን ባውክየን ተከትሎ እርሻው ላይ ይውላል፤ አቶ ሩርድን በእኛ አገር ልጆች አያታቸውን በሚጠሩበት ቃል "ፓከ፣ ፓከ" እያለ ጥያቄ ያዘንብባቸዋል። እሳቸውም ማለብ አስተምረውታል፣ በቦዩ በረዶ ላይ ወንበር እያስገፉ መንሸራተት አለማምደውታል። ስሙን ግን አይጠሩም። ለሰው ሲያወሩ "የኦፒንጋ ልጅ" ነበር የሚሉት። ሲስቁለት ያየ ሰው ይህን ሲናገሩ ቢሰማ ግራ ይገባዋል።

አንድ ቀን ሎልከ ካርታው ፊት ቆሞ ስፒሎቹን ሲያይ ቆየና፣ "ፓከ፣ እኔስ የት ነኝ?" አለ።

"አንተ እዚህ ላይ የለህም።"

ልጁ ቀዩ ስፒል አጠገብ ጣቱን አሳረፈ። "ቦታ ግን አለ እኮ" አለ። ከዚያ ወደ ጥጆቹ ሄደ። ወይዘሮ ባውክየ ይህን ከበሩ ላይ ሆነው ሰምተዋል፤ በዚያ ምሽት እራት አላቀረቡም፤ ለምን ተብለውም አልተጠየቁም።

ወይዘሮ ባውክየ በ2007 አርፈው በሳልስትራዎች ረድፍ ተቀበሩ። ከአጠገባቸው የቀረው አንድ ቦታ፣ የረድፉም የመጨረሻ ቦታ፣ የአቶ ሩርድ ነበር። ላይኛው መቃብር ከሞላ ቆይቷል፤ ሌላው ሰው የሚቀበረው ከታች፣ ጉብታው ተቆፍሮ ሜዳ በሆነው ላይ ነው።

በ2009 መጨረሻ ሎልከ በደም ካንሰር ታመመ። በፌብሩዋሪ 2010 ዐረፈ። ከመሞቱ በፊት እናቱን፣ "ሴት አያቴ አጠገብ አድርጉኝ፣ እዚያ ብቻዬን አልሆንም" ብሏት ነበር። ሪክስት ከሆስፒታል በቀጥታ አባቷ ቤት መጥታ፣ ኮቷን ሳታወልቅ ይህንኑ ነገረቻቸው።

አቶ ሩርድ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅረው፣ "ረድፉ የሳልስትራ ነው" አሉ።

ሪክስት አልተከራከረችም። ኮቷን ቆልፋ ወጣች። በሩን እንኳ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

በእኛ አገር መቃብር የሚቆፍረውም አስከሬን የሚሸከመውም ጎረቤት ነው። በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታቸው አቶ ጎሰና ሌሎቹ በታችኛው መቃብር ድንጋይ የሆነውን መሬት በዶማ መስበር ሲጀምሩ፣ አቶ ሩርድ አካፋ ይዘው መጡ።

"ተዉት። ላይ ነው የምትቆፍሩት።"

"ላይ ምን ቦታ አለ? ያለው ያንተ ነው" አሉ አቶ ጎሰ።

"የእኔን ነው የምልህ።"

ቀድመው ወጥተው ራሳቸው መቆፈር ጀመሩ። አቶ ጎሰ ደርሰው አካፋውን ያዙባቸው፦ "ተው እንጂ ሩርድ፣ ዘመድ አይቆፍርም።"

"ለመሆኑ ዘመዱ ነኝ?" አሉ አቶ ሩርድ። አቶ ጎሰ አካፋውን ወስደው እሳቸውን ድንጋይ ላይ አስቀመጧቸውና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሎልከ ኦፒንጋ በሳልስትራዎች ረድፍ መጨረሻ፣ ከአያቱ አጠገብ ተቀበረ። ሪክስት ጎረቤቶችን በየተራ እጃቸውን ይዛ አመሰገነች፤ አባቷ ጋ ስትደርስ አለፈቻቸው። ከዚያ ወዲያ በልደታቸው ቀን ትመጣለች፤ ኮቷን እንደለበሰች አንድ ሲኒ ሻይ ጠጥታ ትሄዳለች። ሰው "አባትሽ ቦታውን ለቆለት የለ?" ሲላት፣ "ቦታውን ሰጠ፤ ያን ቀን የተናገረኝን ቃል ግን አልሻረም" ትል ነበር።

አቶ ሩርድ ካርታውን አወረዱት። ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንግዳ ቢያንኳኳም በር አይከፍቱም። በቀረው ዕድሜያቸው ሥራቸው አንድ ነበር፤ በየቀኑ፣ በረዶም ይሁን ንፋስ፣ ዱላቸውን ይዘው ጉብታውን ይወጣሉ። ጎረቤት "ትወድቃለህ፣ አንተ ሽማግሌ!" ብሎ ቢቆጣቸው፣ "ወድቄ የት እደርሳለሁ? ታቹ ሜዳ ነው" ይላሉ።

ካለፈው መኸር ጀምሮ ልባቸው ደከመ፣ ሳንባቸው ውኃ ቋጠረ። ሆስፒታል አልገባም አሉ። ሪክስት ሻንጣዋን ይዛ መጥታ፣ ከዚያች ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮቷን በዚያ ቤት መስቀያ ላይ ሰቀለች። ገንፎ እያበላች፣ እያጠበች አስታመመቻቸው። ብዙ አልተነጋገሩም። በመጨረሻው ሳምንት ስለ መቃብራቸው ድንጋይ ራሳቸው አነሱ።

"ሳልስትራ ብላችሁ እንዳትጽፉ።"

"ታዲያ ምን እንጻፍ?"

"ሩርድ፣ የሎልከ ፓከ።"

ልጁን በስሙ ሲጠሩት ሪክስት የሰማችው ያን ጊዜ ነው። "ይህን እሱ በሕይወት እያለ ብትለው ምን ነበር፣ አባዬ?" አለቻቸው።

"አዎ" አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሪክስት ትራሳቸውን አስተካከለችላቸው። "ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም፤ አልወጣልኝም። ይህንንም ጻፊው" ብላለች፤ ተጽፏል።

አቶ ሩርድ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024 ንጋት ላይ፣ በተወለዱበት ቤት፣ ልጃቸው አጠገባቸው እንዳለች ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ከኋላቸው ልጃቸው ወይዘሮ ሪክስት፣ አማቻቸው አቶ ቴከ ኦፒንጋ፣ ይህን የጻፈችው የእህታቸው ልጅና በኦንታሪዮ የሚኖሩ የወንድማቸው ሴቶች ልጆች ቀርተዋል። ከቅርብ ዘመዶቻቸው ሳልስትራ የሚለውን ስም ለልጅ የሚያወርስ የለም።

ዛሬ ጎረቤቶቻቸው እንደ ልማዳችን ተሸክመዋቸው ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ፤ በዞሩ ቁጥር በረድፉ አጠገብ ያልፋሉ፣ አይቆሙም። ከዚያ ቁልቁለቱን ይዘዋቸው ወርደው፣ ከሳልስትራዎች ማንም ተቀብሮበት በማያውቀው ሜዳ ላይ ያሳርፏቸዋል። ድንጋዩም እንዳሉት ይቀረጻል።

የሰውን ሁሉ ስም ሳይጠይቅ የሚያውቅ አምላክ፣ ሩርድን፣ የሎልከን ፓከ፣ በምሕረቱ ይቀበል።