በአባትህ ጎድን ስር

ቀራንዮ፣ ግንቦት 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

አንድ ጊዜ እጮኛዬ ለነበርከው፣

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? የጎሬ ዝናብና ብርድ እንዴት ይዞሃል? ተማሪዎችህስ ይሰሙሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ እናቴም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። ከስድስት ዓመት በኋላ የእጅ ጽሑፌን ስታይ እንዳትደነግጥ። የምጽፍልህ ስለ አባትህ ነው። በሕይወት አሉ፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ።

የዛሬ ወር ገደማ ጎረቤታችሁ ወይዘሮ አጸደ እኔ ወደምሠራበት ክሊኒክ ደግፈው አመጧቸው። ዓይናቸው እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ከማከካቸው ብዛት ክንዳቸው ተቧጭሯል፤ ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ አልቆም ብሏል። የወፍ በሽታ ነው ተብለው ሁለት ወር ሙሉ ቅጠል ሲጠጡ ከርመዋል። እኔ መሆኔን ሲያውቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያኔ "የእስላም ልጅ ቤቴ አትገባም" ሲሉህ ደጃፍ ላይ ቆሜ እንደሰማሁ ያውቃሉ።

አስተኝቼ ሆዳቸውን ዳሰስኩ። ጉበታቸው ከቀኝ ጎድናቸው ስር ሦስት ጣት ያህል ወርዷል። ከእሱ ዝቅ ብሎ እንቁላል የሚያህል፣ ሲተነፍሱ አብሮ የሚወርድ እብጠት አገኘሁ። "ያምዎታል?" አልኳቸው። "ምንም አያመኝም" አሉ። የፈራሁት አለማመሙን ነው። ስለ ሽንታቸው ስጠይቃቸው እያፈሩ "እንደ ጠላ ጠቁሯል፤ ዓይነ ምድሬ ደግሞ እንደ ኖራ ነጥቷል" አሉኝ። የሐሞታቸው መውረጃ እንደተዘጋ ያኔ ገባኝ።

በማግስቱ ከቀበሌ የነጻ ሕክምና ወረቀት አውጥቼ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ምናቸው እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ጎረቤት ልላት ስል አባትህ ከተቀመጡበት "ምራቴ ናት" አሏት። ጻፈችው። እኔም አላረምኳትም።

ያያቸው ወጣት ሐኪም ነው። ሲበዛ ረጋ ያለ። ኮሪደር ላይ ነጥሎ አስረዳኝ፤ መውረጃውን የዘጋው ጠጠር ቢሆን ኖሮ የሐሞት ከረጢቱ በየጊዜው እየቆሰለ ይጨማደድ ነበር እንጂ እንዲህ ሳያም አይወጠርም አለኝ። ሆዳቸውን ቀዶ ሲከፍት እንደፈራው ሆነ። ቆሽታቸው ላይ ዕጢ በቅሏል። ሊያወጣው አልቻለም፤ ሐሞቱ ወደ አንጀት የሚወርድበት ሌላ መንገድ አበጅቶላቸው ሰፋው።

አሁን ቤታቸው ተመልሰዋል፤ ቢጫው ለቋቸዋል፤ ማሳከኩም ቀርቷል፤ ሾርባ ይጠጣሉ። ሊጠይቅ የሚመጣው ሁሉ ዳኑ ይላል። እሳቸው ግን ወይዘሮ አጸደ እስኪወጡ ጠብቀው "ሃጂራ፣ አንቺ አትዋሺኝም" አሉኝ። አልዋሸኋቸውም። ወራት ነው እንጂ ዓመት አይሆንም አልኳቸው።  ከዚያ "ልጄን ያባረርኩት እኔ ነኝ፤ ናልኝ የምልበት አፍ የለኝም" አሉ። እኔ ልጻፍለት ወይ ብላቸው፣ "አንቺ ከጻፍሽለት ይመጣል" አሉኝ።

እውነት ከሆነ ክረምቱ መንገዱን ሳያበላሸው ና። ፈቃድ እንዳይከለክሉህ የሐኪሙን ወረቀት አብሬ ልኬልሃለሁ። እስክትመጣ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ቁስላቸውን እጠርግላቸዋለሁ። ተነሥተው በሩን የሚከፍቱልኝ እሳቸው ናቸው፤ አይነሡ ብላቸውም አይሰሙኝም።

ስለ እኔ ከጠየቅክ፣ እዚያው እናቴ ቤት ነኝ። የተለወጠ ነገር የለም።

አባትህ በመድኃኔ ዓለም ስም መርቀውሃል። እኔም አላህ በሰላም ያስገባህ እላለሁ።

የአባትህ አስታማሚ