አባትሽ ፍሬን የቀየረ ቀን

ለምሳሳልሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽስ? የእግርሽ እብጠት ቀነሰልሽ ወይስ አሁንም የባልሽን ጫማ ነው የምታደርጊው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን፣ እኔ ዓይኔን ከማማረራችን በቀር በቤቱ የጎደለ የለም፤ ካንቺ በቀር ማለቴ ነው። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሁለቱን ለራሴ ነው፤ ሦስተኛውን እንዴት እንዳነበብኩት ስነግርሽ ግን እንዳትቆጪኝ።

አንቺ ከፎቶ አንሺው ጋር ከሄድሽ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስምሽ በአባትሽ አፍ አልተጠራም፤ ባልሽንም «ያ ሰውዬ» ከማለት በቀር ሌላ መጠሪያ አልሰጠውም። «በዚህ በር ከወጣሽ አባት የለሽም» ያለሽ ዕለት እኔም «እንግዲያው ሚስትም የለህም» ብዬ ዘጋሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና እሱም የሱን አልመለሰ፣ እኔም የኔን። አንድ ቤት እየኖርን፣ ከአንድ ድስት እየበላን የምንነጋገረው ለግድግዳው ነው። እኔ ወደ በሩ ዞሬ «የራበው ሰው ካለ ምሳ ቀርቧል» እላለሁ። እሱ ወደ መስኮቱ ዞሮ «መነጽር ያየ ሰው አለ?» ይላል። መሳቅሽን አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ሰሞን እኔም ጓዳ ገብቼ ብቻዬን እስቅ ነበር። ሁለት ዓመት ግን ረጅም ነው ልጄ። ደክሞኛል።

እና ያን ዕለት ደብዳቤሽን ይዤ በረንዳው ላይ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሱ ከውስጥ ጋዜጣ ያነባል፤ መስኮቱ ክፍት ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ከጠየቀኝ በዓይኔ ላሳብብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የጠየቀኝ ግን የለም። «ለመውለድ ስድስት ሳምንት ቀርቶኛል፤ ሐኪሟ ብቻሽን አትሁኚ ትለኛለች፤ እሱ ደግሞ ለሥራ እየወጣ ይሰነብታል» ያልሽው ላይ ስደርስ የጋዜጣው ኮሽታ ቆመ። እስከ መጨረሻው አነበብኩለት፤ ባልሽ የላከውን ሰላምታ እንኳ አላስቀረሁም። አስቤበት ያደረግኩት ነው፤ ይኸው ተናዘዝኩልሽ።

በማግስቱ ማለዳ መኪናዋን አስነስቶ መካኒኩ ዘንድ ሄደ። አሮጊቷን አልረሳሻትም መቼም። የፊት ፍሬኗ ካለቀ ዓመት አልፎታል። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ስለምትጮኽ መምጣታችንን ሰፈሩ ሁሉ ከመታጠፊያው ጀምሮ ያውቃል። ለግድግዳው ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ መልሱ ግን አንድ ነው፦ «የምንሄድበት ሁሉ ሜዳ ነው፤ ምን ያጣድፋል?» ዕድሜውን በመንገድ ቅየሳ የጨረሰ ሰው ነውና በዚህ አይታማም። ገበያው ሜዳ ነው፣ ሐኪም ቤቱም፣ የጡረታ ቢሮውም። ከዚህ ተነስቶ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ አንድ ብቻ ነው። ወዴት እንደሚወስድ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ሄደሽበታል።

መካኒኩ ሥራ ስለበዛበት ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስ ብሎታል። አዲሱን የፍሬን ሸራ ብቻ ገዝቶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ሦስት ሳምንት ብዙ ነው፤ እኔው እቀይረዋለሁ» አለ፣ ያው ለግድግዳው። ለምኑ ብዙ እንደሆነ ግድግዳው አልጠየቀውም።

ዛሬ ጠዋት ግቢ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ከኋላ ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ ወሽቆ፣ ፊቷን በክሪክ አንስቶ ከሥሯ የብረት መቆሚያ አስገባ። እስከዚህ ድረስ አንጀት የሚያርስ ሥራ ነበር። ቀጥሎ ግን ሁለቱንም ጎማ ፈታና የግራውንም የቀኙንም ሸራ በአንድ ጊዜ ነቅሎ ጋዜጣ ላይ አንድ ላይ ከመራቸው። እኔ እንኳ የልብስ እጅጌ ሳስተካክል አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን አልተረትርም፤ ያልተነካው አሠራሩን ያሳየኛላ። እሱ ግን ቸኩሏል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ ለራሴ አጉረመረምኩ። አሮጌዎቹ ሸራዎች ከጥፍር አይወፍሩም። በዚያ ስንሄድ መኖራችን አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

እጁን የሚታጠብበት ውሃ ላስቀምጥለት ስጠጋ ነው ያየሁት። በቀኝ ጎማ በኩል ከውስጥ ያስገባው ሸራ ተገልብጧል። ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ መያዝ ያለበት ሸካራው ፊቱ ነው፤ እሱ ግን የብረት ጀርባውን አዙሮ አስገብቶታል። መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን አርባ ዓመት የጨርቅ ፊትና ጀርባ ስለይ ኖሬያለሁ፤ አሮጌዎቹም በየትኛው ፊታቸው እንደተበሉ ጋዜጣው ላይ ይታያል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ዝም ልለው አሰብኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተሳስተሃል ልለው የፈለግኩት ሰው ስህተቱን እፊቴ ዘርግቶታል። ጎማውን አጥብቆ ከጨረሰ በኋላ ሲፋጭበት፣ እንደገና ሲፈታው፣ ላቡ ጠብ ሲል ልየው አልኩ። ውሃውን አስቀምጬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። አንድ መስመር ሰፋሁ፤ ጠማማ ሆነ። ያቺ ቁልቁለት ከፊቴ አልጠፋ አለች። ተነስቼ ሄድኩና፣ ለግድግዳው ሳይሆን ለራሱ፣ «አንተ፣ ያ ሸራ ተገልብጧል፤ ወደ ዲስኩ የዞረው ብረቱ ነው» አልኩት።

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አጎንብሶ አየው። ነቀለውና በእጁ አገላበጠው፣ ከአሮጌው ጋር አስተያየው፣ አዙሮም አስገባው። ከዚያ አንገቱን ሳያቀና «እስቲ የግራውንም እዪልኝ፤ አንቺ ትለዪዋለሽ» አለኝ። ለኔ ነው ያለው፣ ልጄ። እንባዬ መጣብኝ፤ በክንዴ ጠርጌ የግራውን አየሁለት። ልክ ነበር።

ጎማዎቹን መልሶ መኪናዋን ካወረደ በኋላ መሪው ጋ ገብቼ የፍሬኑን ፔዳል እንድረግጥ ነገረኝ። በዕድሜዬ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ብረግጠው እግሬ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ሰበርኩት አልኩ። ሳቀ፤ ያን ሳቅ የት ደብቆት እንደከረመ እንጃ። አይዞሽ፣ አዲስ ሸራ ሲገባ እንዲህ ነው፣ ደጋግመሽ ስትረግጪው ይጠነክራል አለኝ። ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ፣ ደግሞ ረገጥኩ። እሱ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ አብሮኝ ይቆጥራል። በስድስተኛው ፔዳሉ ጠንክሮ እግሬን ገፋው።

በግቢው ውስጥና በሰፈሩ መንገድ ቀስ እያለ ደጋግሞ ሞከራት፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ወደ ቤት እንመለሳለን ስል በቁልቁለቱ በኩል ታጠፈ። አናቱ ላይ ትንሽ ቆሞ ለቀቃት። አጋማሹ ላይ ያዛት፤ ቆመች፣ አልጮኸችምም። ደግሞ ለቀቃት፣ ደግሞ ያዛት። እኔ የበሩን እጀታ ሙጭጭ ብዬ ይዣለሁ። ታች ስንደርስ ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋና ፊት ለፊት ያለውን መንገድ እያየ ብዙ ተቀመጠ። «ከዚህ በኋላ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ነው፤ ግማሹን እኔ ነኝ የቀየስኩት» አለ።

ይህን የምጽፍልሽ ምሳ ከበላን በኋላ ነው። ላንቺ ልጽፍ ወረቀት ሳወጣ ሁልጊዜ ተነስቶ ይወጣ ነበር። ዛሬ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ጥፍሩ ሥር የገባውን ቅባት በክብሪት እንጨት ያወጣል። ከወረቀቱ ግርጌ ቦታ እንዳስቀርለትም ነግሮኛል። ምን ሊጽፍ እንዳሰበ አላውቅም። ይቅርታ የምትባለውን ቃል ግን አትጠብቂ፤ አፉ አልለመዳትም። ብትቆጪው መብትሽ ነው፣ እኔ አላማልደውም። ብቻ ሳታነቢው እንዳትቀሪ።

በሰላም ተገላገዪልኝ። የወገብሽን ሕመም ፈጣሪ ያንሳልሽ፤ ሌሊትሽን የእንቅልፍ፣ ቀንሽን የዕረፍት ያድርግልሽ። ልጅሽን ለማቀፍ ያብቃኝ። ባልሽንም በእናት አንጀት ሳሚልኝ።

የምትናፍቅሽ እናትሽ

መኪናዋ ደህና ናት። ደብዳቤው ቀድሞን እንዲደርስ አሥር ቀን እንጠብቃለን። የኋላው ወንበር ለሁላችሁም ይበቃል። ባልሽ ቁመቱ ረጅም እንደሆነ አስታውሳለሁ፤ እግሩ እንዳይጨናነቅ የፊቱን ወንበር ወደ ፊት ስቤዋለሁ።

አባትሽ