ልጄን ከሒሳብ ነፃ ስላወጡልኝ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። በተለይ ዓይንዎ ደህና እንዲሆንልኝ አጥብቄ እመኛለሁ፤ በእርስዎ ትምህርት ቤት ማየት የማይችል ሰው ምን እንደሚገጥመው በቅርብ አውቃለሁና።

እኔ ከግቢዎ በር ፊት ለፊት ያለችው ፀጉር ቤት ባለቤት፣ የዘጠነኛ ክፍሏ ዓይነ ስውር ተማሪ አባት ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ቢሮዎ ሳልመጣ ቀርቼ አይደለም። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነግራኝ ወደ ሥራዬ ስመለስ፣ ስብሰባው እኔው ወንበር ላይ ጺም ለመላጨት ሆኖ አገኘሁት። ጉዳዬን ብጀምርልዎ በሳሙናው መሃል «በቢሮ በኩል ይቅረብ» አሉኝ። እነሆ፣ አቅርቤያለሁ።

አንደኛ፤ በሩ ላይ «ሁሉም ተማሪ እኩል የሚማርበት» የሚል የሚያምር ማስታወቂያ ስላሰቀሉልን ምስጋናዬ ይድረስዎ። ልጄ ምን እንደሚል ጠይቃኝ አነበብኩላት። ብዙ ሳቀች።

ሁለተኛ፤ የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳው ላይ እየጻፉ «ይህን ከዚህ ስንቀንስ ያ ይመጣል፤ ያ ወደዚህ ሲዞር ይሄው» ይላሉ። ልጄ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ይህ ያሉት ስንት ነው?» ብትላቸው «ሰሌዳው ላይ አለልሽ» አሏት። የለመንነው የሚጽፉትን በአፋቸውም እንዲጠሩት ብቻ ነበር፤ ጉሮሮ ያደክማል ተባልን። ፀጉር ቤቴ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ኳስ ሲያስተላልፍ፣ ጋዜጠኛው ኳሷ ከማን እግር ወደ ማን እግር እንደሄደች ሳይታክት ይናገራል። ልጄም ጎል ሊገባ መሆኑን ከደንበኞቼ ቀድማ ታውቃለች። ሰውየው «ይህ ለዚያ አቀበለው» እያለ ቢውል ሬዲዮውን ማን ይከፍትለት ነበር?

ሦስተኛ፤ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ የሰሌዳውን ጽሑፍ በጆሮዋ ታንሾካሹክላት ነበር። ክፍል ትረብሻለች ተብላ ወደ ኋላ ወንበር ተዛወረች። ሥርዓት በማስከበርዎ ኮርቻለሁ። በጂኦግራፊ ወንዙ «ከዚህ ተነስቶ እዚህ ይገባል»፤ በባዮሎጂ «በሥዕሉ እንደምታዩት» ነው፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ደግሞ የጓደኞቿን ቦርሳ ትጠብቃለች። እርግጥ አንድም ቦርሳ አልጠፋም፤ ይህ ይመዝገብልን።

አራተኛው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ባለፈው ሳምንት «ለተማሪዋ በማዘን ከሒሳብ ትምህርት ነፃ አድርገናታል» የሚል ማስታወቂያ ደረሰን። ከእንግዲህ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ትቀመጣለች አሉ፤ ልታነባቸው በማትችላቸው መጻሕፍት መሃል። ልጄ ኮምፒውተር ማጥናት ነው የምትፈልገው። የሒሳብ ውጤት ከሌላት ያ በር ይዘጋባታል፤ የሚዘጋውም በዚህ ወሰነ ትምህርት ማብቂያ፣ የሚቀጥለው ዓመት ምደባ ሲወጣ ነው። ሳነብላት «አባዬ፣ ሳልፈተን ነው የጣሉኝ?» አለችኝ። በጣም ተናደድኩ፤ ይህን ስጽፍም አልበረደልኝም። ወድቃ ቢሆን እኔው እቆጣት ነበር። እናንተ ግን ለመውደቅ እንኳ ዕድል አልሰጣችኋትም፤ ይህንንም ርኅራኄ ትሉታላችሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምጠይቀው ልጄ ወደ ሒሳብ ክፍሏ እንድትመለስ፣ ጓደኛዋ ወደ ቦታዋ እንድትመጣ፣ መምህራኑም የጻፉትን እንዲናገሩ ነው። ለዚህ አዲስ ሕንፃም ሆነ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልግም፤ አፍ ይበቃል።

ልጄን ከእውቀት ሁሉ ነፃ ከማውጣትዎ በፊት ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ እየጸለይኩ፣ ለጊዜዎና ለማይነጥፈው ሐዘኔታዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ጎረቤትዎና ፀጉር አስተካካይዎ

ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜ እንደ ልማድዎ ለፀጉር ሲመጡ መስተዋቱን በፎጣ ሸፍኜ እጠብቅዎታለሁ። እየቆረጥኩም «ይህን ከዚህ ቀነስኩ፣ ያንን ወደዚህ አዞርኩ» እልዎታለሁ፤ ከዚያ በላይ ማብራራት ጉሮሮዬን ያደክመዋል። ይህ ካልተስማማዎት አይጨነቁ፤ ለእርስዎ በማዘን ከፀጉር መስተካከል ነፃ አደርግዎታለሁ። ጥግ ላይ ቁጭ ብለው፣ ሌላው ሰው ተስተካክሎ ሲወጣ የመቀሱን ድምፅ ያዳምጣሉ።